ያዘነበለው አልጋ

ያን ዓመት አልጋችን ራስጌው በብሎኬት ተነሥቶ፣ ግርጌው ወርዶ ነበር። ብሎኬቱን ያስገባው ባሌ ደምለው ነው። ደምለው የቢቸና ውሃ ጽሕፈት ቤት የመስመር ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ሲያስገባም ውሃ ልኩን አልጋው ላይ አጋድሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ እንደ ሥራው አድርጎ ነው።

«ውሃ ወደ ዝቅታ ነው የሚሄደው» አለኝ። «ደምም ያው ነው። ከጭንቅላትሽ ሲመለስ መውረጃ እያጣ ነው የሚያውክሽ።»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ደሜ መውረድ አለመውረዱን እንጃ፣ እኔ ግን እወርድ ነበር። እንቅልፍ ሲወስደኝ ቀስ እያልኩ ወደ ግርጌ እንሸራተታለሁ፤ ሕልሜም አብሮኝ ይንሸራተታል። እግር የለኝም፣ እግር አያስፈልገኝም፤ ግራጫ ውሃ ተሸክሞኝ ወደ ዓባይ ይወርዳል። የፍርድ ቤት መዝገቦች እንደተከፈቱ በአጠገቤ ይንሳፈፋሉ። ከሳሾች ከዳር ቆመው ስሜን ይጠራሉ፤ እኔ እያለፍኳቸው እሄዳለሁ። ጠዋት ስነቃ ጉልበቴ ታጥፎ፣ እግሮቼ የአልጋውን ብረት ረግጠው አገኛቸዋለሁ። ብረቱ ቀዝቃዛ መሆኑን የሚነግረኝ ግን ቀኙ እግሬ ብቻ ነበር።

የበሽታዬ ስም መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው። ሐኪሞች ኤም ኤስ ብለው ያሳጥሩታል። ቢቸና ላይ የሚያውቀው ስላልነበረ «የምሥራቅ በሽታ» ተባለ፤ እኔ ምሥራቅ ገና በሕይወት እያለሁ በሽታ በስሜ ተሰየመልኝ።

የወረዳው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ከመዝገቤ ቀና ስል ዳኛው ሁለት ሆነው ታዩኝ። አንደኛው ይናገራሉ፤ ሁለተኛው ከጎናቸው ቁጭ ብለው ዝም ብለው ያዩኛል። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ይሻሉ ነበር። ሰንበት ብሎ ግራ እግሬ ባዘቶ የሚረግጥ መሰለው፤ ቀጥሎ የግራ እጄ ጣቶች ኮምፒዩተሩ ላይ የትኛውን ፊደል እንደነኩ ማወቅ አቃታቸው። ባሕር ዳር ያለው የነርቭ ሐኪም በማሽን አየኝና «የገዛ ሰውነትሽ ዘበኛ ጠላት መስሎት የነርቮችሽን ሽፋን እየመታ ነው» አለኝ። በሽታው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የሚያዘገየው መርፌ አለ፤ ሲገኝ ይደውሉልኛል። መርፌው ሲገኝ መንገዱ ተዘጋ፤ መንገዱ ሲከፈት መርፌው አለቀ።

ሁለቱ ወንዶቼ ክርክር የገጠሙት እንግዲህ በዚህ መካከል ነው።

ሁለተኛው ወንድ ባምላኩ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ። ሞጣ ላይ መድኃኒት ቤት ከፍቶ ይሠራል። ባምላኩ እንደሚለው በሳንባዬ የገባ ባክቴሪያ ነርቮቼ ውስጥ ተሸሽጓል፤ ለብዙ ወራት ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ብውጥ ከተሸሸገበት ይወጣል። ደምለው ደግሞ አንድ የውጭ አገር ሐኪም የጠበበ የአንገት ደም ሥር በትንሽ ፊኛ ሲከፍት ስልኩ ላይ አይቷል። አይቶም አልቀረ፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ ወስዶ አንገቴን በጨረር ሊያስነሣኝ፣ ከዚያ ህንድ አገር ሊያስከፍትልኝ ቆርጦ ተነሣ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኩ ይደወላል፤ ደምለው ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ችሎት ይሰየማል።

«ጋሼ ደምለው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እታለም የከተማ ቧንቧ አይደለችም» ይላል ባምላኩ ከሞጣ።

«ቧንቧ ብትሆንማ እስካሁን ጠግኛት ነበር። አንተ ግን ለፈነዳ ቧንቧም ዶክሲ ነው የምታዘው።»

«እርስዎ ደግሞ ለጉንፋንም ቁፋሮ ነው የሚያዙት!»

እኔ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ እሰማለሁ። ድምፃቸው እየራቀ፣ እየቀረበ፣ ከጣሪያው ሥር እንደሚዞር ዝንብ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ሐኪሙን ስለ ሁለቱም ጠይቄው ነበር። የደም ሥር መክፈቱ በጥናት ተሞክሮ ጥቅም እንዳልተገኘበት፣ የአንቲባዮቲኩም ነገር እንዳልተረጋገጠ ነገረኝ። ቃል በቃል ነገርኳቸው። ደምለው ስለ አንቲባዮቲኩ የተባለውን ሰማ፤ ባምላኩ ስለ ደም ሥሩ የተባለውን ሰማ። ሁለቱም አመሰገኑኝ።

ታኅሣሥ ሲገባ ባምላኩ አንድ ብልቃጥ እንክብል በአውቶቡስ ላከልኝ። ብልቃጡ ሲደርስ ግን እኔ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበረኝ። አርግዤ ነበር።

የምታውቀው ሥርጉት ብቻ ናት። ሥርጉት ከወሎ ተመድባ የመጣች የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ነርስ ናት፤ የመረመረችኝ እሷ ነች። ብልቃጡን ሳሳያት ከእጄ ነጥቃ አነበበችና መለሰችልኝ።

«ይኼን እንዳትነኪ! የሕፃኑን ጥርስና አጥንት ያበላሻል። የአንገት ጨረሩንም አሁን እንዳታስቢው። ለደምለው ንገሪው።»

«ሲንቀሳቀስ እነግረዋለሁ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለችኝ።

«ይኼ በሽታ አይደለም» አልኳት።

ከሁለት ዓመት በፊት አርግዤ ገና በጠዋቱ አውርቼው ነበር። ደምለው ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ተናገረ፤ ባምላኩ ከሞጣ የሕፃን ልብስ ላከ። በሦስተኛው ወር ጨነገፈ። ደምለው የከተማው ውሃ እንደተቋረጠበት ቀን ወዲያ ወዲህ ሮጠ፤ የሚጠገን ነገር ግን አልነበረም። እናቴ ወለተ ኢየሱስ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ጽንስና ዘር ተከድኖ ነው የሚበቅል፤ ሳይንቀሳቀስ አፍ አይግባበት» ትል ነበር። ስቄባት ነበር። አሁን ግን አልሳቅሁም፤ ፈራሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። የዋጥኩ እንዲመስል በየማለዳው አንድ እንክብል ከብልቃጡ አውጥቼ ሽንት ቤት ጥዬ እመለሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንግዳ ሆነ። ደህና ሆንኩ። ጥምቀት ሲደርስ ዳኛው አንድ ሰው ሆኑ፤ ትንሽ ናፈቁኝ ሁለተኛው። እግሬ ከባዘቶው ወረደና መሬት ረገጠ። ምርኩዜን በር ሥር አቁሜ ታቦት ሸኘሁ። ሕልሜ ውስጥም ውሃው ጠራ፤ ከሥሩ ጠጠር ይታየኝ ጀመር፤ ጠጠሮቹ መካከል አንዲት ትንሽ ነገር ከእኔ ጋር ትዋኛለች፤ ዞር ብዬ ሳያት የለችም።

ባምላኩ የሰማ ዕለት ስልኩ ውስጥ እልል ማለት ቀረው። «አላልኳችሁም? ዶክሲው ነው!»

«አልጋው ነው!» አለ ደምለው። «ብሎኬት ካስገባሁ ወዲህ ነው የተሻላት። ደም ሥሯ ቢከፈትማ ትሮጣለች።»

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ባምላኩ መድኃኒቱ በእጥፍ ይጨመር አለ፤ ደምለው ለአዲስ አበባው ቀጠሮ አስያዘ። በስልክ ተዘላለፉ፤ ተኳረፉ። በእኛ አገር ደግሞ ሁለት ዘመድ ከተኳረፈ ሽማግሌ ይቀመጣል። ስለ ድንበር ይሁን፣ ስለ ሚስት ይሁን፣ ስለ ባክቴሪያ ይሁን፣ ለሽማግሌ ያው ነው። ሁለቱም በዳኝነቱ ሊያድሩ ዋስ ጠሩ። እኔን ዋስ የጠየቀኝ የለም፤ ጠብ ያለው በእነሱ መካከል ነዋ!

ጥር ሲወጣ ወደ ሞጣ ሄድን። አውቶቡሱ ደብረ ወርቅን እስኪያልፍ ደምለው አላነጋገረኝም፤ በሆዱ ንግግሩን እያጠና ነበር። እኔ ግንባሬን መስተዋቱ ላይ አስደግፌ የታጨደውን ማሳ አያለሁ። ክምሩ፣ አውድማው፣ አህያው በጭጋግ ውስጥ ብቅ እያለ ይጠፋል። እጄን ጋቢው ውስጥ አግብቼ ሆዴ ላይ አኖርኩና እባክሽ ተንቀሳቀሽ፣ እባክሽ ዛሬ፣ አልኳት። አልተንቀሳቀሰችም።

ሽማግሌዎቹ ባምላኩ ግቢ ወይራው ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ሦስት ናቸው። የመካከለኛው የኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ አባቴን ቅኔ ያስተማሩ፣ ለእኛም እንደ አያት የሆኑ ቄስ። ለእኔ ወንበር ተሰጠኝ፣ ትንሽ ፈንጠር ብሎ። ክርክሩ ተጀመረ።

ደምለው ተነሥቶ ነጠላውን አደግድጎ ስለ ዝቅታና ስለ ግፊት ተናገረ። ባምላኩ ተነሥቶ ስለ ተሸሸገ ባክቴሪያ ተናገረ። ሁለቱም ለማስረጃ እኔን ጠቀሱ። «ይኸው በእግሯ መጣች» ይላል አንዱ፤ «ይኸው በእግሯ መጣች» ይላል ሌላው። የወይራው ቅጠል እየተገላበጠ አንዴ ነጭ፣ አንዴ አረንጓዴ ይሆናል። ፀሐይዋ ሞቀችኝ፤ ድምፁ ሁሉ ከውሃ ሥር እንደሚሰማ ሆነ። የማውቀው ችሎት ነበር። ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለ፣ የሚያከራክረው ይዞታ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው መከሩና ተመለሱ። ከሦስቱ አንዱ፣ አቶ ገብረ ኪዳን የሚባሉ የቀድሞ የእህል ነጋዴ፣ ውሳኔውን ተናገሩ።

«ሁለታችሁም ለእሷ ነው የደከማችሁ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። እስከ ፋሲካ የባምላኩ መድኃኒት እንደተባለው በእጥፍ ትውሰድ። ከፋሲካ በኋላ ደምለው አንገቷን ያስነሣ። ማንም አሸነፈ፣ ማንም ተሸነፈ አይባልም።»

ደስ አላቸው። ስንት የድንበር እርቅ በእጄ ጽፌያለሁ፤ «ድንበሩ መካከል ላይ ይሁን» እየተባለ። ግማሹ ለአንዱ፣ ግማሹ ለአንዱ። መሬቱን የጠየቀው የለም። ባምላኩ በደስታ ቤት ገባና ብልቃጥ ይዞ ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ ፊት የመጀመሪያውን እጥፍ እንድውጥ። ሚስቱ ፈንታነሽ በብርጭቆ ውሃ አመጣችልኝ። ሁለት እንክብል መዳፌ ላይ ተቀመጡ። ሁሉም ያየኛል።

የዚያን ጊዜ ተንቀሳቀሰች።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ግማሽ አካሌ ለወራት ዝም ብሎኝ የከረመ ሴት ነኝ። ብረት ሲቀዘቅዝ የማይሰማኝ፣ እሳት ሲነካኝ ዘግይቶ የሚነገረኝ ሴት ነኝ። እና ከእምብርቴ በታች፣ ከውስጥ፣ የዓሣ ጭራ ውሃ እንደሚነካው ያህል፣ አንድ ነገር ነካኝ። ሌላ ማንም አልነካኝም፤ እሷ ነች። ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ።

«አመማት!» አለ ደምለው፣ ተነሥቶ።

«ቁጭ በል» አልኩት። የራሴ ድምፅ የፍርድ ቤት ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ። «የኔታ፣ በዚህ ጉዳይ ያልተሰማ ጣልቃ ገብ ተከራካሪ አለ።»

«ማነው ልጄ?»

«እዚህ ነው ያለው» ብዬ ጋቢዬን ገለጥኩ። «መድኃኒቱ አጥንቱን ያበላሽበታል፤ ጨረሩም ለእሱ አደጋ ነው። ግማሽ ግማሽ ተካፈሉን ብትሉ እኛ ሁለት ነን።»

ፈንታነሽ እልል ልትል አፏን ስትከፍት በእጄ ከለከልኳት። ባምላኩ ብልቃጡን እያየ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እታለም... እስካሁን የዋጥሽውስ?»

«አንዲትም አልዋጥሁም።»

ተመስገን ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀና አለ፤ የሁለት ወር ማስረጃው በአንድ ቃል እንደፈረሰ ገባው። ደምለው ሊስቅ ጀመረና እሱም አቆመ። «አልጋውስ?» አለኝ፣ እንደ ልጅ።

«አልጋው ወደ ግርጌ ሲያንሸራትተኝ ከረመ። ያሳረፈኝ ጽንሱ ነው። ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር፤ በእርግዝና ጊዜ ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ጋብ ይላል።» ቀጥሎ ያለውን ልውጠው ነበር፤ ግን ደምለው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። «ከወለድኩ በኋላ ግን ሊመለስብኝ ይችላል፤ ብሶ ሊመለስም ይችላል ብሎኛል።»

«አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው።»

ደምለው ነጠላውን ፊቱ ላይ አደረገ። የኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ ቆሙ፤ መስቀላቸውን አወጡ።

«በሰው አካል ላይ ድንበር አካልለን ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉ። ወደ ሁለቱ ዞረው፣ «እናንተም እስክፈታችሁ ድረስ ስለ ደም ሥርም ስለ እንክብልም አንድ ቃል ብታነሡ ግዝት ይሁንባችሁ። በሰላም ትውለድ።»

የዚያኑ ሰሞን ደምለው ብሎኬቶቹን አወጣ። ውሃ ልኩን አልጋው ላይ አጋድሞ፣ የአየሩ አረፋ መካከል ላይ እስክትቆም ድረስ ከአልጋው እግር ሥር ካርቶን እያጠፈ አስገባ። ከዚያ በኋላ በሕልሜ ወንዝ አልነበረም። ዳር የሌለው የተኛ ውሃ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ሰማይ አይ ነበር፤ የትም አልሄድም፤ የትም መሄድ አያምረኝም። ክረምቱ እስኪገባ እንደዚያ ሆኜ ኖርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐምሌ ላይ ሥርጉት አዋለደችኝ። ሴት ናት፤ አርሴማ አልናት።

ክርስትናዋ ጥቅምት ላይ ሆነ። አመተ ሥላሴ ተብላ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች፤ ጓሮው ዳስ ውስጥ እንግዳ ይበላል፣ ይጠጣል። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አጠባታለሁ። ከሞጣ የመጡት ባምላኩና የኔታ ሊመርቋት ገቡ፤ ደምለው በሩ ላይ ቆሟል። የኔታ ሲመርቁ ዓይኔን ጨፍኜ አሜን እላለሁ።

«እታለም!» አለ ባምላኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ልጄን ከጉልበቴ ጫፍ ላይ ደርሶ ያዛት። ከግራ ክንዴ ላይ ተንሸራታ ነበር። ክንዴ እንደታጠፈ አለ፤ ባዶውን። ክብደቷ መቼ እንደሄደ አላወቅሁም።

ባምላኩ ለደምለው ሰጠውና አጠገቤ ተቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ። ክርስትናው ይለፍ ብዬ ነው።»

ደምለው አርሴማን ደረቱ ላይ አስጠግቶ መሬት መሬቱን አየ። ባምላኩ ጉሮሮውን ጠረገና ተወው። ከዳሱ የሰው ሳቅ ይመጣል፤ እኛ ክፍል ውስጥ ግን ምንም የለም። ጠበቅሁ። አንዱ ቧንቧ ይላል፣ ሌላው ባክቴሪያ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ቤቱ የለቅሶ ቤት መሰለኝ።

«ምነው ዝም አላችሁ?»

«ተገዝተናል» አለ ደምለው፣ ቀና ሳይል።

ወደ የኔታ ዞርኩ። «የኔታ፣ ይፍቷቸው።»

«ልጄ፣ መከራሽን ያበዛው ክርክራቸው አልነበረም?»

«ነበር። ግን ሲከራከሩ እድናለሁ ብለው ነው የሚከራከሩት። ዝም ሲሉ የቀበሩኝ መሰለኝ፤ ፈራሁ የኔታ።» አለቀስኩ፤ ልደብቅም አላልኩም። «መዝገቡን ግን የምከፍተው እኔ ነኝ። በዚህ ሳምንት ባሕር ዳር ትወስዱኛላችሁ፤ ስለ መርፌው፣ ስለ ማጥባቴም ሐኪሙን እጠይቃለሁ፤ የምወስነው እኔ ነኝ። እናንተ መንገድ ላይ እስኪበቃችሁ ተከራከሩ።»

የኔታ መስቀላቸውን አውጥተው ሁለቱን ግንባራቸውን ነኩ። «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ።

ከዚያ ደምለው ልጁን እያወዛወዘ፣ ለግድግዳው እንደሚናገር ሁሉ፣ «ለነገሩ አልጋውን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ብቻ ከፍ ብናደርገው ማንን ይጎዳል?» አለ።

«ጋሼ ደምለው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እታለም የከተማ ቧንቧ አይደለችም!»

«አንተ ደግሞ ለፈነዳ ቧንቧም...»

አርሴማ በአባቷ ደረት ላይ ሆና ተኛች። እነሱ ድምፃቸው እየደመቀ ሄደ፤ የኔታም መፍረድ አቅቷቸው ሳቁ። ባምላኩ ይህን ሁሉ ሲከራከር ግራ እጄን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ነበር። አይቼ ነው ያወቅሁት።